ሠላሳ አንድ ጊዜ ያለፍኩት ትምህርት

በ2015 ዓ.ም. ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱም በማታ፣ ግማሹን እያንቀላፋሁ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንጋደድ፣ አንዱን ነገር ሁለቴ ብናገር፣ ይቅርታ አልጠይቅም። የተማሩት ሰዎች መጻፍ ቢፈልጉ ኖሮ ይጽፉት ነበር። እነሱ ግን ይህ ነገር እንዲጻፍ የሚፈልጉ አይመስለኝም።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በባቡሩ ጥገና ቤት ነው፤ ኮምፕሬሰር ላይ። ኮምፕሬሰር አየር አምቆ ለሌላው መሣሪያ ሁሉ የሚያድል ትልቅ ማሽን ነው። እሱ ከቆመ ጥገና ቤቱ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። መጀመሪያ ቀን የተቀበለኝ ካቦ፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያስተማረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ስድስት ሰዓት ሲሆን ማብሪያውን ታወርዳለህ። ዘጠኝ ሰዓት ታነሣለህ። ሳታወርድ ምሳ ከሄድክ ነገ እንዳትመጣ።" ድሬዳዋ ላይ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰው ይተኛል፣ ፍየል ይተኛል፣ ሱቅ ይተኛል። ማሽን ብቻውን የሚነቃበት ምክንያት አልታየኝም። አንድ ጊዜ እኔ ታምሜ የተካኝ ሰው ሳያወርድ ሄዶ፣ የማሽኑ ቀበቶ ተቃጥሎ፣ ሽታው ሳምንት ሙሉ ከግቢው አልወጣም። እኔ ግን ጡረታ እስክወጣ አንድ ቀን አልረሳሁም።

ጡረታ ወጥቼ ሁለት ወር ቤት ተቀመጥኩ። የውሃ በርሜሉን ቦታ ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ሚስቴ "አንተ ቤት ስትውል ቤቱ ይጠባል" አለችኝ። የቀረኝ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ያለው የጡረተኞች አግዳሚ ወንበር ነበር። እዚያ የሚወራው ማን እንደሞተ ነው፤ እሱ ሲያልቅ ማን እንደታመመ። ደግነቱ፣ አንድ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍሉን ቁልፍ የሚይዝ ሰው ፈለገ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ቁልፍ ያለው ሰው ጠዋት ሲወጣ "ወዴት ነህ?" አይባልም። ይህን የሚያውቀው ቁልፍ የሌለው ነው።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ታብሌቶቹ መጡ። አርባ ነበሩ፣ ከነሳጥናቸው። ከእነሱ ጋር አንድ ነጭ ነገር መጣ፤ ድፎ ዳቦ ሩቡን ቢቆርጡት የሚያህል፣ ፊቱ ላይ አረንጓዴ መብራት ያለው። የሥልጠናው አስተባባሪ "ሰርቨር" አለችው። እኔ ነጩ ሳጥን አልኩት። አስተባባሪዋ ከደጋ የመጣች፣ ቀጭን፣ ፈጣን ልጅ ናት። ኮምፒውተር የተማረች ብቻ ሳትሆን የፈጠረች ነው የምትመስለው። ንብረት ክፍሌን ለሁለት ከፍለው አንዱን "ዲጂታል ክፍል" ብለው በሩ ላይ ለጠፉ። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ ሌላው ዳይሬክተሩ ጋ።

"አባባ" አለችኝ ልጅቷ፣ "መጽሐፉ ሁሉ፣ ትምህርቱ ሁሉ እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ኢንተርኔት ባይኖርም ግቢው ውስጥ ይሠራል። ዘንድሮ መምህራኑ ይሠለጥኑበታል፣ በሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎቹ ይገቡበታል። እርስዎ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ሁሌም ይብራ።"

"ሁሌም ይበራል፣ ልጄ" አልኳት።

ውሸት አልተናገርኩም። ከዚራ ውስጥ "ሁልጊዜ ክፍት ነን" ብሎ በቀይ ቀለም የጻፈ ሱቅ አለ። በሰባት ሰዓት ሄዳችሁ አንኳኩ። ባለቤቱ ከኋላ ተኝቶ ማንኮራፋቱ ይሰማችኋል። ማንም ውሸታም ብሎት አያውቅም። ድሬዳዋ ላይ "ሁሌ" ሲባል ከስድስት እስከ ዘጠኝ አይቆጠርም። ልጅቷ ደግሞ የደጋ ልጅ ናት፤ ይህን ማን ይነግራታል?

እናም በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን የሳጥኑን ማጥፊያ ተጭኜ፣ በሩን ቆልፌ፣ ደረቁን ወንዝ ተሻግሬ ቤቴ እሄዳለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ተመልሼ አበራዋለሁ። እሷ ከእንቅልፏ ተነሥታ ስትመጣ አረንጓዴው መብራት ይበራል። ይህን ለማንም አልነገርኩም። በር መቆለፌንስ ለማን ነገርኩ?

መጋቢት መጨረሻ ላይ ዳይሬክተሩ ስብሰባ ጠራ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ከረባት የሚያስር ሰው ነው፤ በዚያ ሙቀት ከረባት። እኔን "ፋዘር" ነው የሚለኝ። እውነት አባቱ ብሆን ኖሮ ሌላ ነገር ይለኝ ነበር ብዬ አልፋለሁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት አንሥቶ ጮክ ብሎ አነበበ። "የዲጂታል ክፍሉን ቁልፍ የሚይዝ ማንኛውም ሰው፣ የሥልጠናውን አሥራ ሁለት ትምህርቶች እስከ ግንቦት የመጨረሻው ሐሙስ ካላጠናቀቀ፣ ቁልፉን ያስረክባል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

"ፋዘር፣ ይህ እርስዎን ለማስቸገር አይደለም። ዘመኑ ነው። ዲፕሎማ ያለው አዲስ የንብረት ሠራተኛ አለን፤ ካልቻሉ በክብር ያርፋሉ።"

"ማንኛውም ሰው ነው የሚለው?" አልኩት።

"ማንኛውም ሰው።"

"እርስዎም ቁልፍ አለዎት።"

መምህራኑ ሳቁ። እሱ ቁልፎቹን አቅጨለጨላቸው። "እኔማ ቤቴ ላፕቶፕ ላይ ድሮ ጨርሻለሁ!" ልጅቷ ያኔ ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። ምን እንደምታይ አልገባኝም ነበር፤ ጣሪያው ላይ ምንም የለም።

ከስብሰባው ማግስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጓሮ ያለው ቧንቧ ሥር እጄን ታጥቤ፣ በመሐረቤ አድርቄ፣ ትምህርት አንድን ጀመርኩ። እጄን የታጠብኩት ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። የትምህርት አንድ የመጀመሪያ መስመር "ታብሌቱን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ታጥበው ያድርቁ" ስለሚል ነው። ከዚያ ስም መጻፍ አለ። ስሜን ለመጻፍ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ፊደሎቹ ጣቴ ሥር ይሸሻሉ። ከዚያ አሥር ጥያቄ አለ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ "ታብሌቱ ላይ ሻይ ቢፈስ ምን ያደርጋሉ? ሀ/ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ለ/ አጥፍቼ ለባለሙያ እነግራለሁ።" እኔ ሀን ነካሁ። ተሳስተዋል አለኝ። ዘጠኝ ከአሥር። ቢሆንም አለፍኩ። አበባ ተበተነ፣ ጭብጨባ ተሰማ፣ "እንኳን ደስ አለዎት! ትምህርት አንድን አጠናቀዋል!" አለኝ። ከጥገና ቤት ስወጣ እንኳ ያልተጨበጨበልኝ ሰው ነኝ። ትንሽ ደረቴ ተነፋ።

በማግስቱ ከፈትኩት። "እንኳን ደህና መጡ! ትምህርት አንድን ይጀምሩ።"

ስህተት ነው ብዬ ደግሜ ሠራሁት። ስሜ አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀ። አበባ፣ ጭብጨባ። በሦስተኛው ቀን "እንኳን ደህና መጡ! ትምህርት አንድን ይጀምሩ።" አላወቀኝም። ትናንት አጨብጭቦልኝ ዛሬ አላወቀኝም!

ልጅቷን ጠራኋት።

"ልጄ፣ ይህ ዕቃሽ ሰው አያውቅም።"

"አባባ፣ መጨረሻ ላይ 'አስረክብ' የሚለውን ነክተዋል?"

"ነክቻለሁ። ደግሜም ነክቻለሁ። እንዳይረሳ ብዬ በሦስት ጣት ነክቻለሁ።"

አጠገቤ ቁጭ ብላ ሁሉን ሳደርግ አየች። አልተሳሳትኩም። በማግስቱ ትምህርት አንድ። ሳጥኑን አገላብጣ አየችው፣ ገመዱን ነቅላ ሰካችው።

"ቀን ቀን መብራት ይጠፋል እንዴ?"

"ኧረ መብራት በዚህ ሰሞን ጠፍቶ አያውቅም" አልኳት። እውነት ነው፤ አልጠፋም።

"ሳጥኑን የሚነካው ሰው አለ?"

"ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም!" አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

"ይባረኩ አባባ፤ እንዲያ ይጠብቁልኝ" አለችኝ። ይባረኩ ብላኝ ሄደች። አሁን ሳስበው ያን ምርቃት የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

መምህራኑም ያው ነገር ደርሶባቸዋል። እነሱ ግን በሁለተኛው ቀን "ሲስተም የለም" ብለው ሻይ ቤት ገቡ። ሲስተም የለም ሲባል የተማረ ሰው ነፃ ይወጣል። እኔ ቁልፌ ላይ ቀን ተቆርጦብኛል፤ የት እገባለሁ? በየቀኑ ጠዋት ትምህርት አንድን ሠራሁ። ስሜን መጻፍ ከሃያ ደቂቃ ወደ ሁለት ደቂቃ ወረደ። ጥያቄዎቹን ሳላነብ እመልሳለሁ። ሰኞ ሰኞ ብቻ ስለ ሻዩ ሀን እነካለሁ፤ ሐሳቡን ቀይሮ እንደሆነ ለማየት። አልቀየረም። ግትር ዕቃ ነው። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ያልደረቀ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ይህን የጻፈው ሰው የደጋ ሰው መሆን አለበት።

መምህራኑ በመስኮት ሲያልፉ ጭብጨባውን ይሰማሉ። "አባባ፣ ዛሬም አለፉ?" ይሉኛል። "ዛሬም አለፍኩ" እላለሁ።

ከጥገና ቤት ጀምሮ ጓደኛዬ የሆነ የመጋላ ሰፈር ሰው አለ፤ ከሰዓት በኋላ ከዚራ አግዳሚው ላይ ነው የሚገኘው። ኦሮምኛውን፣ ሶማልኛውን፣ አማርኛውን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያወራው። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ጠራኝ።

"ወሪያ! ና እዚህ። ልጄ የነገረችኝ እውነት ነው? እዚያ ትምህርት ቤት አንድ ሽማግሌ አንደኛውን ትምህርት ሠላሳ ጊዜ ወደቀ ይላሉ።"

"ሃያ ስድስት ጊዜ ነው። ደግሞ አልወደቅኩም። ሃያ ስድስት ጊዜ አለፍኩ።"

"አቦ ተወኝ! ሃያ ስድስት ጊዜ ያለፈ ሰው እስካሁን ሐኪም አይሆንም?"

"ዕቃው ነው የሚረሳኝ።"

"ወላሂ ዕቃው ልክ ነው። እኔም አንተን ለመርሳት አርባ ዓመት ሞከርኩ።" ከዚያ ጠጋ አለልኝና ከጎኑ ያለውን ቦታ በመዳፉ ጠረገልኝ። "ምን ይጨንቅሃል? ቁልፉን ስጣቸውና ና። ጥላ አለ። ትናንት እንኳን ያ የፉርጎ ብሬክ ሠራተኛ የነበረው፣ ታውቀዋለህ፣ እግሩ አበጠ።"

የጠረገልኝን ቦታ አየሁት። ልክ የእኔን መቀመጫ ያክላል። ደህና ዋል ብዬው ፈጥኜ ሄድኩ።

ግንቦት ገባ። ሙቀቱ እንደምታውቁት ነው፤ የበሩ እጀታ ያቃጥላል። ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ አርብ ጠዋት ዳይሬክተሩ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ከአዲስ አበባ፣ ከሥልጠናው ማዕከል የተጻፈ ነው። "ከትምህርት ቤታችሁ ትምህርት አንድን እንኳ ያለፈ አንድም ሰው የለም" ይላል። አንድም ሰው! ሠላሳ አንድ ጊዜ አልፌ! ዳይሬክተሩ ግን የጮኸው በእኔ ላይ አይደለም፤ በልጅቷ ላይ ነው። በመምህራኑ ፊት፣ ሥራ አልሠራሽም፣ ሰው አላሠለጠንሽም፣ ኮንትራትሽን እናያለን አላት። እሷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ "ባለሙያ ይላኩልኝ፣ ሳጥኑ ችግር አለበት" አለች። እኔም ከኋላ ተነሥቼ "እውነቷን ነው፤ ሳጥኑ ሰው አያውቅም!" ብዬ መሰከርኩላት። እንዲህ ያለ ምስክር ለጠላትም አይሁን።

ባለሙያው ሰኞ መጣ፤ ቀነ ገደቡ ሐሙስ ነው። ጃኬት ለብሶ ከአውሮፕላን የወረደ ወጣት ነው። ጃኬቱን ግቢው በር ላይ አወለቀ፣ ንብረት ክፍሉ በር ላይ ሸሚዙን እስከ ሆዱ ፈታ። ዲጂታል ክፍሉ ውስጥ አራታችን ተቀመጥን፤ ባለሙያው፣ ልጅቷ፣ ዳይሬክተሩና እኔ። ባለሙያው ኮምፒውተሩን ከሳጥኑ ጋር አገናኝቶ ረጅም ጊዜ አየ።

"ሳጥኑ ደህና ነው" አለ። "የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰው የሠራውን ትምህርት ይሰበስብና ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ኔትወርኩ ቀለል ሲል፣ ወደ ማዕከሉ ይልካል። ከተላከ በኋላ ነው የሚመዘገበው። ካልተላከ የዕለቱን ይጥለዋል። የእናንተ አንድም ቀን አልተላከም። ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ነገር ይሆናል። ቁጭ ብለን እናያለን።"

ሁላችንም ሳጥኑን አፍጥጠን ተቀመጥን። እኔ የምሰማው ስለ ኔትወርክ ስለሆነ ብዙም አልተከታተልኩም፤ ሰዓቴን ነበር የማየው። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሩብ ጉዳይ። የዳይሬክተሩ ከረባት ከአንገቱ ጋር ተጣበቀ። ስድስት ሰዓት ሞላ።

ተነሣሁ። "ይቅርታ፣ ልለፍ" አልኩና በባለሙያው ትከሻ ላይ እጄን አሳልፌ የሳጥኑን ማጥፊያ ተጫንኩት። አረንጓዴው መብራት ጠፋ። ቁልፌን አወጣሁ። "እንግዲህ ምሳ ሰዓት ነው፤ እንውጣና ልቆልፍ።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"ምን... ምን አደረጉ አባት?" አለ ባለሙያው።

"አሳረፍኩት።"

"ማንን?"

"ሳጥኑን ነዋ። ስድስት ሰዓት ሆኗል።"

"በየቀኑ ነው የሚያጠፉት?"

"እንዴ! ታዲያ በየሁለት ቀኑ ይረፍ?"

ይህን እየተናገርኩ ሳለሁ ነው ያ "ሰባት ሰዓት" ያለው ነገር ጆሮዬ ውስጥ የገባው። ዘግይቶ፣ እንደ ድሮው ባቡር። ስድስት ሰዓት አጠፋለሁ። ሰባት ሰዓት ይልካል። ዘጠኝ ሰዓት አበራለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ረሳኝ ብዬ ስረግመው የኖርኩትን ሳጥን፣ ለካ በየቀኑ አንገቱን የማንቀው እኔ ነኝ።

ልጅቷን አየኋት። "አባባ" አለች፣ ቀስ ብላ፣ "የሚነካው ሰው አለ ወይ ስልዎት..."

"ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም አልኩሽ።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የምታለቅስ መሰለኝና ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር። እስክታነባ፣ ሆዷን ይዛ። እኔም ልስቅ ስል ዳይሬክተሩ እጁን ዘረጋ።

"ቁልፉን።"

"ሐሙስ ነው ያሉት።"

"ፋዘር! ይህን ሁሉ አበላሽተው?"

"አበላሽቻለሁ። ልጅቷ አላጠፋችም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይህን ለማዕከሉ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። ቁልፉ ግን እስከ ሐሙስ ነው፤ ማኅተም አለበት።"

ባለሙያው ይህን ጊዜ ሳጥኑን ሊያበራ እጁን ቢያሳርፍበት "አህ!" ብሎ መለሰው። ጣቱን እፍ እፍ አለ። "ይህ ነገር እኮ እየተቃጠለ ነው! በዚህ ክፍል ቀኑን ሙሉ ቢበራ ኖሮ..." ንግግሩን አልጨረሰውም፤ ግን በአንገቱ ወደ እኔ እንደ መስገድ አለ። ልክ ነኝ አላለኝም፤ ተሳስተሃልም አላለኝም። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቂት ነካካና "የመላኪያ ሰዓቱን ወደ አምስት ሰዓት አመጣሁት። ከአምስት በፊት የተሠራ ይመዘገባል። ስድስት ላይ ይረፍ" አለ። የጥገና ቤቱ ካቦ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። ዳይሬክተሩ እጁን አጥፎ "ሐሙስ፣ አምስት ሰዓት። አሥራ ሁለቱም" ብሎ ወጣ።

ማክሰኞ ትምህርት አንድን በአራት ደቂቃ ጨረስኩ። ሻዩን ለባለሙያ ነገርኩ። ከዚያ "ትምህርት ሁለት" የሚል ወጣ። እውነት እላችኋለሁ፣ ፈራሁ። ሁለት ወር አንድ ሰፈር ብቻ የኖረ ሰው ወንዙን ሲሻገር እንደሚሆነው ሆንኩ። እዚያ ደግሞ የማውቀው ነገር አልነበረም። የይለፍ ቃል አለ፣ ፎቶ ማንሣት አለ፣ ፋይል ማስቀመጥ አለ። ፎቶ አንሣ ሲለኝ የአውራ ጣቴን አምስት ጊዜ አነሣሁ። ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ፊደሎቹ ጣቴ ሥር አይሸሹም ነበር። ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ አውቃለሁ። ሌላው ስሙን ሲፈልግ እኔ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ሠላሳ አንዱ ቀን ለካ የትም አልፈሰሰም፤ እጄ ውስጥ ነበር። ልጅቷ አንዳንዴ ከበሩ ላይ ሆና "አባባ፣ ልርዳዎት?" ትለኛለች። "ሂጂ ሥራሽን ሥሪ" እላታለሁ። ስትሄድ ደግሞ እጠራታለሁ።

ማክሰኞ አራት፣ ረቡዕ አራት ጨረስኩ። ትምህርት ዘጠኝ መልእክት መላክ ነው፤ ለዳይሬክተሩ "እንደምን አደሩ" ብዬ ላክሁ። እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ሐሙስ አሥራ ሁለተኛው ላይ የደረስኩት አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ጥያቄ የለውም። ሀ የለ፣ ለ የለ። "በዚህ ሥልጠና በሙያዎ ምን ያህል እንዳደጉ በራስዎ ቃላት ይጻፉ" ይላል፤ ከሥሩ ባዶ ነው። ሃያ ደቂቃ አለኝ። በሥራ ዘመኔ ስለ ማደጌ የጠየቀኝ ሰው የለም። ጥገና ቤት ማደግ ማለት ቱታህ ሲቀየር ነው። ባዶውን አየሁ፣ ሰዓቴን አየሁ። ልጅቷ ከበሩ ላይ ጥፍሯን ትበላለች። በመጨረሻ የማውቀውን ጻፍኩ፦

"ሳጥኑን ሳጠፋ የኖርኩት እኔ ነኝ። ዕቃው ረሳኝ ብዬ ሰደብኩት፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ድሮ ማሽን እንዴት እንደሚቆም አውቅ ነበር። አሁን ከማቆሜ በፊት ምን እየሠራ ነው ብዬ መጠየቅ ተማርኩ። ስለ ሻዩ ግን ያው አቋሜ ነው።"

'አስረክብ' የሚለውን ነካሁ። በአንድ ጣት። አምስት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀር።

ልጅቷና እኔ ሳጥኑ ፊት ቆምን። አምስት ሰዓት ሲሆን አረንጓዴው መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። እሷ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ከማዕከሉ የተመለሰ ዝርዝር ነው፤ የሁላችንም ስም አለበት። ከእኔ ስም ጎን አሥራ ሁለት ይላል። ሌላ አሥራ ሁለት ያለው የለም። መምህራኑ ሦስትም አራትም አላቸው። ከላይ ወደ ታች እያነበብኩ ሄድኩ፤ አሁን በደንብ አነባለሁ። መጨረሻ ላይ የዳይሬክተሩ ስም አለ። "ትምህርት አንድ፦ አልተጀመረም።"

"ቤቴ ላፕቶፕ ላይ ጨርሻለሁ አላለም?" አልኳት።

"አባባ፣ ሳጥኑ እኮ ከግቢ ውጭ አይሠራም" አለችና ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። ይህን ጊዜ እኔም አብሬያት አየሁ።

ስድስት ሰዓት ሳጥኑን አሳረፍኩና ቤቴ ሄድኩ። ለሚስቴ አለፍኩ ብላት "ስንተኛ ጊዜህ ነው?" አለችኝ። ከሰዓት በኋላ በከዚራ በኩል አለፍኩ፤ ጓደኛዬ ቦታ ሊጠርግልኝ ሲል ቁልፌን በሩቁ አንጠለጠልኩለት። "ወላሂ! ሐኪም ሆንክ?" ብሎ ጮኸ።

በማግስቱ አርብ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ያን ማኅተም ያለበትን ወረቀት ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንሥቼ፣ አንድ ታብሌት በብብቴ ይዤ፣ የዳይሬክተሩን በር አንኳኳሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ "ማንኛውም ሰው" የሚለው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። አነበበ። እኔን አየኝ። ዝርዝሩ እሱም ጋ እንደደረሰ ፊቱ ይናገራል። እጄን ዘረጋሁ። ከቁልፎቹ መሐል አንዱን ፈልቅቆ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፣ ታብሌቱን ፊቱ አኖርኩለት፣ አበራሁለት። እጁን ወደ ታብሌቱ ሲሰድ ያዝኩት።

"መጀመሪያ" አልኩት፣ "እጅዎን ታጥበው ያድርቁ። ቧንቧው ጓሮ ነው።"